በዓሉ የአደባባይ፣ ትዝታው የጓዳ

ከጥር ማገባደጃ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ያለው ጊዜ በአዊ ዞን የመታሰቢያ ወቅት ነው። ጥር 23 ቀን ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ይሰለፋሉ። የካቲት 12 ቀን ሰማዕታት ይታሰባሉ። የካቲት 23 ቀን አድዋ ይዘከራል፤ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ የአርበኞች ድል። ተማሪዎች ሰንደቅ ዓላማ ይዘው ይዘምራሉ፣ እንግዶች ከመድረክ ንግግር ያደርጋሉ፣ ሬዲዮ ፉከራና ቀረርቶ ያሰማል፤ በማግሥቱ ሁሉም ወደየሥራው ይመለሳል።

ከእነዚህ ቀናት በአንዱ፣ በሚያዝያ 27፣ ጥሊሊ ነበርኩ። ወደ ቡሬ የሚሄድ መኪና እስኪመጣ ከአስፋልቱ ዳር ካለች ሻይ ቤት ገብቼ ተቀምጫለሁ። ሬዲዮው የአምስቱን ዓመት ተጋድሎ ይተርካል። ጥግ ላይ ቆብ የደፉ አንዲት አዛውንት እማሆይ ከልጅ ልጃቸው ጋር ያዳምጣሉ። ተራኪው ንጉሡ በኦሜድላ ገብተው፣ ጎጃምን አቋርጠው አዲስ አበባ መድረሳቸውን ሲናገር፣ እማሆይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ግመሎቹንስ ለምን አያነሣቸውም?» አሉ።

ሻይ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። የልጅ ልጃቸው አፈረና «እማሆይ ደግሞ! ጥሊሊ ላይ ምን ግመል አለ?» አላቸው። አልተቆጡም። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ዝም አሉ። መኪናው መጣ፤ እኔም ሄድኩ። ጥያቄያቸው ግን አልለቀቀኝም። ጥሊሊ ደጋ ናት፤ የድንችና የገብስ፣ የበግና የፈረስ አገር። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት በሰው ፊት፣ ያውም በድል በዓል ቀን፣ በአካባቢው የማይታወቅ እንስሳ ከየት አምጥተው ያነሣሉ?

ተመልሼ አፈላልጌ አገኘኋቸው። ይህ ጽሑፍ ከእርሳቸውና ከጥሊሊና ከአካባቢዋ ሌሎች አዛውንቶች ጋር ካደረግሁት ጨዋታ፣ ከመጻሕፍትም ካገኘሁት የተሰናዳ ነው። ስማቸውን እንዳልጠራ እማሆይ ለምነውኛል። ምክንያታቸው ከታች ይነገራል።

ቀኑን የሚቆርጠው ማን ነው?

የበዓልን ቀን የሚቆርጠው መንግሥት ነው፤ መንግሥት ሲለወጥ ቀኑም ይለወጣል። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ዋና ከተማቸው የተመለሱት በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያው ዕለት ነው። ውርደቱና ድሉ በአንድ ቀን እንዲገናኙ ታስቦበት የተደረገ ነው። ደርግ ሲመጣ የንጉሡ መመለሻ ቀን አልተመቸውምና የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፤ አዲስ አበባ በ1933 ከጣልያን እጅ የወጣችበት ቀን ነው። ይሁንና መጋቢት 28 ቀን 1933 ንጉሡ ደብረ ማርቆስ የገቡበትም ዕለት ነው። በጎጃም ያንን ቀን በዓይኑ ላየ ሰው፣ በዓሉ የንጉሡን ስም ቢተውም ትዝታው ያንኑ ስም ይዞ መቅረቱ የማይቀር ነበር። ከ1983 በኋላ ሚያዝያ 27 ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የደርግ የአብዮት ቀን የነበረው መስከረም 2 ደግሞ ከበዓላት ዝርዝር ወጣ።

የካቲት ብቻውን የተሸከመውን እንኳ እንይ። አድዋ በ1888፣ የግራዚያኒ ጭፍጨፋ በ1929፣ የአብዮቱ ፍንዳታ በ1966፣ የመሬት አዋጁ በየካቲት 25 ቀን 1967። አዋጁ በደቡብ ለገባር ነፃነት ሆኖ ተጨፈረለት። ጎጃም ግን ርስት ያለው ገበሬ አገር ነበረችና አዋጁን የተቀበለችው በስጋት ነው። ሁለት ቤተሰብ ይህንኑ ቀን ሲያስታውስ አንዱ እልልታ፣ ሌላው ጭንቀት ያስታውሳል። አደባባዩ ግን ያከበረው አንዱን ብቻ ነው።

ጥሊሊ ያነጋገርኳቸው አዛውንቶች ቀንን በቁጥር አይዙም። እማሆይ ዘመናቸውን ሲከፍሉ «ጣልያን የገባ ጊዜ»፣ «ግመሎቹ ያለፉ ጊዜ»፣ «መሬት የተደለደለ ጊዜ» ይላሉ። የካቲት 23 መሆኑን የሚያውቁት ልጆች ከትምህርት ቤት ዘፍነው ሲመለሱ ነው። «የኛ በዓል ጊዮርጊስ ነው» አሉኝ። «አባቴ ጊዮርጊስ ሲደርስ ፈረሱን ይጭናል። ስለ አድዋ የሚያወራልንም ያን ቀን ብቻ ነው፤ በሌላ ቀን ከጠየቅነው ይቆጣናል።»

ፈረሱም ዘምቷል

አባታቸው ፈረስ የሚጭኑበት ቀን ዛሬ የአዊ ትልቁ በዓል ሆኗል። የሰባቱ ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል። ዛሬ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ አባላት አሉት፤ በዓሉን በዩኔስኮ ለማስመዝገብ ጥረት እየተደረገ መሆኑም ይነገራል። ስግሪያ፣ ሽርጥ፣ ግልቢያና ጉግስ ይታያል። ፈረሱ በመረሻትና በኮርቻ ያሸበርቃል፣ ጋላቢው ጎፈር ይደፋል። ማኅበሩ የቆመለት ዓላማ በየዓመቱ ከመድረክ ይነገራል፤ በአድዋ የዘመቱትን አባቶች፣ አብረዋቸው የዘመቱትን ፈረሶችም ማሰብ ነው። አድዋ በጊዮርጊስ ዕለት የተገኘ ድል ስለሆነ ቀኑ 23 ሆነ። ታቦት፣ ሰውና ፈረስ በአንድ በዓል ተገናኙ።

በኢትዮጵያ ታሪክ ፈረስ ስም ያለው ዘማች ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር እየተባሉ ሲጠሩ ስሙ የፈረሱ ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው አድዋ ሲዘምቱ ከአገው ምድር የወጣው ሰውም ፈረሱን ይዞ ወጣ። የተመለሰውም ያልተመለሰውም በየቤቱ ይታወሳል። አንድ ጎልማሳ ፈረሰኛ የአያቱን አባት የፈረስ ስም፣ የፈረሱን መልክ፣ የት ወንዝ ላይ እንደሞተም ነግሮኛል። የአያቱን አባት የዘመቻ አለቃ ስም ግን አያውቅም። ቤተሰቡ ለትውልድ ለማስተላለፍ የመረጠው ፈረሱን ነው።

ማኅበሩ ዘመኑን የሚቆጥረው ከ1932 ዓ.ም. ነው። ይህን ቁጥር የበዓል መድረክ ላይ ሲጠራ ሰምተን እናልፈዋለን፤ ቆም ብሎ ላሰበው ግን አስገራሚ ነው። በ1932 ጣልያን አገር አልለቀቀም። ዳንግላና እንጅባራ ምሽግ ይዞ ተቀምጧል። በዚያ ዓመት፣ ጣልያን ባለበት አገር፣ ጣልያን የተሸነፈበትን ጦርነት ለማሰብ ፈረስ ጭኖ መሰብሰብ ማለት ምን ማለት ነበር? መሥራቾቹ ምን ተባባሉ? ማንን ፈሩ? ማን ፈቀደላቸው ወይስ ማንም አልፈቀደላቸውም? ይህን ሊመልስ የሚችለው የመሥራቾቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው፤ ዕድሜያቸው ደግሞ እየመሸ ነው።

ግመሎቹ

እማሆይ ስለ ግመሎቹ የነገሩኝን እንደ ወረደ አቀርበዋለሁ።

«ዓመቱ እናቴ እኔን ያረገዘችበት ነው። ጣልያን ከእንጅባራ ለቅቆ ወደ ቡሬ ወረደ። ከዚያ ሌሊት ሌሊት ሰው ማለፍ ጀመረ። ጥቁር ወታደር፣ ነጭ አለቃ፤ ቋንቋው የማይሰማ። ከኋላው አንገቱ የረዘመ፣ ከበቅሎ የሚበልጥ እንስሳ ይጎተታል። ብርዱ ሲመታው ይንበረከካል፤ ከተንበረከከ አይነሣም። ጭነቱን ያወርዱለትና ትተውት ይሄዳሉ። ጅብ በላ በላና ጠገበ፤ የተረፈው ሸተተ። እናቴ እህል ስትፈጭ እንኳ አፍንጫዋን በነጠላ አስራ ነበር። እኔ ስወለድም ሽታው አልጠፋም ትለኝ ነበር።»

የልጅ ልጆቻቸው ይህን ተረት አድርገው አሳድገውታል። እማሆይም ራሳቸው መጠራጠር ጀምረው ነበር። «ሁሉም ሲስቅብኝ ጊዜ ለካ እናቴ ልታስተኛኝ ብላ ነው ያወራችልኝ አልኩ» ብለውኛል።

መጻሕፍቱን ስገልጥ የእማሆይ እናት አንድም ነገር እንዳልጨመሩ አየሁ። ነገሩ የሚጀምረው ከዘመቻው ቀደም ብሎ ነው። እንግሊዞች ይህን አገር ያጠኑት በዳንግላ ቆንስላቸው አማካይነት ነው። ሮበርት ቺዝማን የተባለው ቆንስል ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ዳንግላ ተቀምጦ የዓባይንና የጣናን ዙሪያ በበቅሎና በእግር ዞሯል፤ ያየውንም በ1936 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሟል። ጦርነቱ ሲመጣ ካርቱም ተቀምጦ ስለ ጎጃም መረጃ የሚያጠናቅረው ይኸው ሰው ሆነ። በነሐሴ 1932 ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ «ሚሽን 101» የተባለውን ቡድን መርቶ ከሱዳን ወደ ጎጃም ዘለቀ። የንጉሡ እንደራሴ ሆነው አብረውት የገቡት ከበደ ተሰማ ናቸው፤ በ1962 ባሳተሙት «የታሪክ ማስታወሻ» የዚያን ጊዜ ጉዳይ ጽፈዋል። ቡድኑ የሰፈረው ፋጉታ ላይ ነው፤ ከጥሊሊ ጎረቤት ከሰከላ በኩል። በዚያ ክረምት ማብቂያ ከትልልቅ ሥራዎቹ አንዱ በአገው ምድር በኩል የሚዋጉትን ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬንና በቡሬ በኩል ያሉትን ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህን ማስታረቅ ነበር። ሁለቱም ለአንድ አገር ይዋጉ ነበር፤ እርስ በርሳቸው ግን አይተማመኑም።

ንጉሡ ጥር 12 ቀን 1933 በኦሜድላ ድንበር ተሻገሩ። የእንግሊዙ መኮንን ኦርድ ዊንጌት ከሱዳንና ከኢትዮጵያ ወታደሮች ያደራጀውን ከጥቂት ሺህ የማይበልጥ ጦር ከመጽሐፈ መሳፍንት ወስዶ «ጌዴዎን» ብሎ ሰየመው። መኪና የሚሄድበት መንገድ ስላልነበረ ስንቅና ጥይት የሚጭነው ግመል ነበር። ከሱዳን ከ15 ሺህ የማያንስ ግመል ተሰበሰበ። የቆላ እንስሳ ነው፤ ገደል ሲወጣ እግሩ ከዳው፣ ደጋ ሲደርስ ብርድ ጠበሰው፣ የለመደውን ቅጠል አጣ፣ ጭነቱም ከአቅሙ በላይ ነበር። አዲስ አበባ የደረሰው በአሥሮች የሚቆጠር ብቻ ነው። ከዘመቻው ተሳታፊዎች የጻፉ ሰዎች፣ የሞቱት ግመሎች ሽታ መንገድ መሪ እስኪሆን ደርሶ እንደነበር ያስታውሳሉ። በየካቲት 1933 ጣልያን ዳንግላንና እንጅባራን ለቀቀ። ዊንጌት ጦሩንና ግመሎቹን ይዞ ከእንጅባራ ወደ ቡሬ በሌሊት ተጓዘ። ጥሊሊ በዚያ መስመር ላይ ናት።

ከዚያ በኋላ ያለው ይታወቃል። በየካቲት ማብቂያ ጣልያን ከቡሬም ወጣ፤ በቁጥር ብዙ እጥፍ የሚበልጠው ሠራዊት ጥቂቱን እንደ ብዙ ቆጥሮ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። የጎጃም አርበኛም ከግራና ከቀኝ ተከተለው።

የዚያን ዘመቻ የግመል ጉዞ ፎቶግራፍ በስልኬ ለእማሆይ አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ስልኩን ሰጡትና «እንካ፣ እይ። እናቴ አልዋሸችም» አሉት። እንባቸውን ሳይጠርጉ ስለ እናታቸው ሌላም ሌላም ነገሩኝ፤ ስሜታቸው ሲበረታ ወደ አዊኛ እየገቡ፣ የልጅ ልጃቸው እያቃናልኝ። እናታቸው ለሚያልፈው አርበኛ በሶ ይፈጩ እንደነበር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ሌሊት ፈጭተው ቀን እርሻ ይውላሉ። በሚያዝያ 27 መድረክ የወፍጮ ነገር ተነሥቶ ሰምቼ አላውቅም፤ ያለ ወፍጮ ግን የዋለ አርበኛ አልነበረም።

የሁለት ወንድማማቾች ቤት

እማሆይ ስማቸው እንዳይጠራ የፈለጉበት ምክንያት ይህ ነው።

«አባቴ ዱር ገባ። ታላቅ ወንድሙ እንጅባራ ካምፕ ለጣልያን አደረ። አያቴ ለሁለቱም ስንቅ ታሰናዳለች። ለአንዱ በቀን ትልካለች፣ ለአንዱ በሌሊት። ሁለቱም ከማህፀኗ የወጡ ናቸዋ! እንግዲህ አያቴን ምን እንበላት? አርበኛ ናት ወይስ ባንዳ?»

መልስ አልነበረኝም። ቀጠሉ፦ «አጎቴን ባንዳ አይደለም አልልህም፤ ባንዳ ነበር። ደመወዝ በልቷል፣ ጠመንጃ ተሸክሟል። ግን ጣልያን መንደራችንን ሊያቃጥል ሲነሣ ሌሊት ሰው ልኮ ያስወጣን እርሱ ነው። ያን ሌሊት ባይልክ እናቴ ትቃጠል ነበር፤ እኔም አልወለድም። በበዓል ቀን አባቴን ይጠሩታል፤ አጎቴን የሚጠራው የለም። እኔ ግን ሁለቱንም የማለቅሳቸው በአንድ ቀን ነው። የአጎቴ ልጆች ጎረቤቶቼ ናቸው። በሠርግም በለቅሶም አንለያይም። ስማችንን ጋዜጣ ላይ አውጥተህ አታጣላን፣ ልጄ።»

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጎጃም የአምስቱ ዓመት ታሪክ ውስጥ አርበኛና ባንዳ የተቀላቀሉት በየመኳንንቱም ቤት ነው። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ ከጣልያን ጋር ቆመው ነበር፤ የአድዋው ዘማች ልጅ! የታላቁ አርበኛ የበላይ ዘለቀ ፍጻሜም ከዚህ ያልራቀ ነው። በ1937 አዲስ አበባ ላይ ሲሰቀሉ አብሯቸው የተሰቀለው ማሞ ኃይሉ በወረራው ዘመን ከጣልያን ጎን የነበረ ሰው ነው። አርበኛውና ባንዳው በአንድ ቀን፣ ከድል በኋላ፣ በራሳቸው መንግሥት እጅ ሞቱ። ለዚህ የሚሆን የበዓል ንግግር እስካሁን አልተጻፈም።

እኔ የአጎትየውን ስም ከአርበኞች ሰሌዳ እናስገባ አልልም። የከዳ ከድቷል፤ ዱር የገባውም ዋጋውን ከፍሏል፤ ሁለቱን ማምታታት የአባትየውን መሥዋዕትነት መስረቅ ይሆናል። ነገር ግን አያትየዋን መርሳት የለብንም። በአንድ ምጣድ ለሁለት ካምፕ የጋገረች እናት የወረራን ክፋት ከማንም ንግግር በላይ ታስረዳለች። ወራሪ አገር ይዞ ብቻ አይቀርም፤ ማዕድ ይከፍላል። ልጆቻችን ይህን ካላወቁ ድሉ ከምን እንዳዳነን አያውቁም።

በዓል ያጣው ጦርነት

የቤት ትዝታ ሁልጊዜ ትክክል ነው ብዬ አላሳስትም። ወደ ሰባ አምስት የሚጠጉ አንድ አባት አባታቸው አድዋ መዝመታቸውን በኩራት ነገሩኝ። አባታቸው አድዋ ለመዝመት በ1888 ቢያንስ ሃያ ዓመት ሊሆናቸው ይገባል፤ ልጃቸው ሲወለዱ ደግሞ ሰባን አልፈው መሆኑ ነው። ይሁን አልኩ፤ ታሪኩን ቀጠሉ። አባታቸው ከሰማይ በሚወርድ የሚያቃጥል ጭስ ዓይናቸው ታሞ መመለሳቸውን፣ ከላይ የሚያጓራ አውሮፕላን ማየታቸውን ተረኩልኝ።

አድዋ ላይ አውሮፕላን አልነበረም። የመርዝ ጋዝም አልነበረም። እኚህ ሰው የሚነግሩኝ የ1928ን ዘመቻ፣ ምናልባትም መጋቢት 22 ቀን የተደረገውን የማይጨውን ውጊያ ነው። አባታቸው የዘመቱት ማይጨው ሳይሆን አይቀርም፤ አድዋ የዘመተው ምናልባት አያታቸው ነው። ለምን ተቀላቀለ? አስቤበት የደረስኩበት ይህ ነው፦ ማይጨው በዓል የለውም። የተሸነፍንበት ነውና ቀን አልተቆረጠለትም፣ ተማሪ አይዘምርለትም፣ ፈረስ አይጫንለትም። ዓይኑን በጋዝ ያጣ አባት ያለው ልጅ ሐዘኑን የሚያወጣበት አደባባይ ስላጣ አባቱን ወደ አድዋ አሻገረው። ማይጨው የዘመተው ሰው አድዋ ከዘመተው ያነሰ አልደፈረም፤ በባዶ እጁ አውሮፕላን ገጥሟል። ግን ክብር ለማግኘት የሌላ ጦርነት ስም መዋስ ነበረበት።

ስለዚህ የቤት ትዝታ ሲሳሳት እንኳ እውነት ይናገራል። የሚናገረው ስለ 1888 ላይሆን ይችላል፤ እኛ ማንን ለማክበር እንደመረጥን፣ ማንን እንደተውን ነው። ሙያው ያለው ሰው ቁጭ ብሎ ቢያዳምጥ ሁለቱን ይለያቸዋል። ችግሩ የሚያዳምጥ መታጣቱ ነው።

«ደብዳቤ ይዘህ ና»

በአካባቢው የባህልና የቅርስ ጉዳይ ከሚመለከታቸው አንድ ኃላፊ ዘንድ ሄጄ ቀላል ጥያቄ ጠየቅሁ፦ በየዓመቱ ለእነዚህ በዓላት መድረክ ሲሰናዳ፣ የአዛውንቶቹን ትዝታ በድምፅ ወይም በጽሑፍ የሚያስቀር ሥራ አለ? ካለ የት ይገኛል? ኃላፊው በትሕትና ተቀበሉኝ፤ መልስ ግን አልሰጡኝም። «ደብዳቤ ይዘህ ና» አሉ። ደብዳቤው ገባ። ከዚያ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ከዚያ ስልካቸው አይነሣም። ይህ ጽሑፍ እስኪጠናቀቅ ድረስ መልስ አልመጣም።

ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ የዘለቀው ግጭት ብዙ ነገር ማስተጓጎሉን አውቃለሁ፤ ለሠራተኛ ደመወዝና ለተማሪ ክፍል በሚታሰብበት ጊዜ የአረጋዊ ትዝታ የቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሞት የሰላም ጊዜ አይጠብቅም። የጥያቄዬን ጉዳይ ለእማሆይ ስነግራቸው «ደብዳቤ ለመቃብር አይጻፍም፤ ቶሎ በል በለው» አሉኝ።

አገሪቱ መዝገብ የላትም ማለት አይደለም። ወመዘክር ከ1936 ጀምሮ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ከ1955 ጀምሮ ብዙ ሰብስበዋል። የካቲት 3 ቀን 2016 አዲስ አበባ መሃል ፒያሳ ላይ የአድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ተመርቋል፤ ያየው ሁሉ ደረቱ ይሞላል። ግን የሙዚየም ግድግዳ የሚይዘው የታወቀውን ነው። የግመሎቹ ሽታ፣ የሌሊቱ ወፍጮ፣ የሁለት ወንድማማቾች ስንቅ ፒያሳ ላይ የሉም። ያሉት ጥሊሊ ነው፤ ሰማንያ ዘጠና ዓመት በደፈኑ ሰዎች አፍ ውስጥ።

ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አየርላንድ ይህን ያደረገችው በድህነቷ ዘመን ነው። ከ1937 እስከ 1939 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም እኛ በጣልያን እጅ በነበርንባቸው ዓመታት፣ የአገሪቱ ተማሪዎች ቤታቸው ሄደው አያቶቻቸውንና ጎረቤቶቻቸውን እንዲጠይቁ፣ የሰሙትንም በደብተር እንዲጽፉ ተደረገ። 5 ሺህ ያህል ትምህርት ቤቶች ተሳተፉ፤ 740 ሺህ ገጽ የሚጠጋ ጽሑፍ ተሰበሰበ። ከዚያ ውስጥ ስለ ታላቁ የድንች ረሃብ፣ ስለ ስደትና ስለ መሬት ነጠቃ በቤት ብቻ ይነገር የነበረው ዛሬ የሕዝብ ንብረት ነው። መሣሪያው ደብተርና እርሳስ ነበር። እኛ ደግሞ በየተማሪው ቤት ድምፅ የሚቀዳ ስልክ አለን።

ጥሊሊ ትምህርት ቤቶች አሏት። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አላት። አዊኛን ከአማርኛ ጋር የሚጽፉ መምህራን አሉ። በየካቲት ወር የታሪክ መምህሩ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሥራ ይስጥ፦ ከቤትህ ትልቁን ሰው ጠይቅ፤ የተናገረውን እንደተናገረው፣ በተናገረበት ቋንቋ ጻፍ፤ ከማን እንደሰማው ጠይቅ፤ ያን ጊዜ ምን እንደተበላ፣ ማን እንደፈጨ ጠይቅ፤ በቤታችሁ ስሙ የማይጠራ ዘመድ ካለ ስሙን ሳትጽፍ ታሪኩን ጻፍ። ዩኒቨርሲቲው ይሰብስብ፣ ከመጽሐፍ ጋር ያስተያይ፣ የተቀላቀለውን ይለይ። የሚያሳፍረውን ለሃያ ለሠላሳ ዓመት ዘግቶ የማስቀመጥ ደንብ በዓለም መዛግብት ሁሉ የተለመደ ነው፤ የእማሆይን ጎረቤቶችም ከቅያሜ ያድናል።

ይህ ካልተደረገ የሚመጣው መዘዝ ቅርብ ነው። እማኝ ያየውን የሰሙ ልጆች ሲያልፉ፣ በዓሉ ፎካሪ ብቻ ይቀርለታል። ያን ጊዜ የፈለገ ሁሉ ታሪክን ለፈለገው ጠብ ያውለዋል፤ «አይደለም፣ እናቴ እንዲህ ነበር ያለችኝ» ብሎ የሚያስቆመው ሰው አይኖርም። ባለፉት ዓመታት ወንድም ወንድሙን ሲገድል ያየን ሰዎች፣ ለሁለት ልጆቿ በሌሊትና በቀን ስንቅ የላከችውን አያት ታሪክ ከማንም በላይ እንፈልገዋለን። የዛሬው ግጭትም ነገ ትዝታ መሆኑ አይቀርም፤ በየጥሊሊው ቤት አሁን እየተቀመጠ ነው፤ ቀን የሚቆርጥለት መንግሥት እስኪመጣ ግን አይጠብቅም።

አድዋን ያሸነፉት፣ ማይጨው የወደቁት፣ በ1933 የካቲት ብርድ ከእንጅባራ ቡሬ የሄዱት ሰዎች ከቤት የወጡ ናቸው። መድረኩ በጅምላ ያመሰግናቸዋል፤ በስም የሚያውቃቸው ቤታቸው ነው። ስለዚህ ከመጪው የካቲት ጀምሮ ሰልፉ ከመውጣቱ በፊት ቤቱ ይጠየቅ።